ድመቷ አመዱን ለምን ተወችው?

ድመት ያላችሁ አንባቢዎች፣ ይህ ነገር ሳይደርስባችሁ አልቀረም። ለዓመታት በአንድ ቦታ ስትጸዳዳ የኖረች ድመት አንድ ቀን ድንገት አልጋ ላይ፣ ልብስ ላይ ወይም ጭድ ላይ መሽናት ትጀምራለች። ቤተሰቡ መጀመሪያ ይቆጣል፣ ቀጥሎ ያባርራታል፣ በመጨረሻ ጆንያ ይፈለጋል። እኛም ቤት ጆንያው ተፈልጎ ነበር።

አያቴ የሚኖሩት መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ። አገሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ስለሆነ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ቤት ውስጥ ጎታ ሙሉ ገብስ አለ፤ ጎታ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ደግሞ ድመት ያስፈልጋል። ያቺ ግራጫ ድመት ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋን ሠርታለች። ሽንት ቤቷ ምድጃው ዳር የሚጠራቀመው አመድ ነበር። አያቴ ጠዋት ጠርገው ጓሮ ይደፉታል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ማንም አላስተማራትም፣ ማንም ስለ ጉዳዩ አስቦም አያውቅ።

ያለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ድመቷ ባናው ላይ ሸንታለች። በሦስተኛው ቀን ለበጎቹ የተቀመጠው ጭድ ላይ ተጸዳድታለች። አያቴ «ይቺ ድመት ጠምዳናለች» አሉ። አጎቴ ደግሞ አጭር መፍትሔ ነበራቸው፦ ጆንያ ውስጥ ከትቶ ጓሳ ጫፍ ወስዶ መልቀቅ። አጎቴን አልፈርድባቸውም። ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ፣ በጎቹ የቤቱ ባንክ ናቸው፣ ድመት ደግሞ «ጽንስ ታስወርዳለች» ሲባል ሰምተዋል። ወሬው መሠረት የሌለው አይደለም፣ እመለስበታለሁ። ግን ጓሳ ላይ ድመት መልቀቅ በጣም መጥፎ ሐሳብ ነው። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የቀረው፣ የሚኖረው በአይጥ ነው። በሽታ ልትይዝ የምትችል ሌላ አይጥ አዳኝ እዚያ መጨመር ለማንም አይበጅም።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፣ የማጠናው የማገዶ ምድጃ ሙቀቱ የት የት እንደሚባክን ነው። ስለ ድመት የማውቀው ነገር አልነበረም። ቢሆንም «እባካችሁ ሁለት ሳምንት ስጡኝ» አልኩ።

ድመት በእልህ አትሸናም

ምህንድስና ውስጥ ቶሎ የሚለመድ አንድ ነገር አለ። ትናንት ሲሠራ የነበረ ማሽን ዛሬ ሥራውን ካቆመ «ጠባዩ ተበላሸ» አይባልም። የሚጠየቀው «ከትናንት ወዲህ ምን ተለወጠ?» ተብሎ ነው። ድመትም ላይ ይኸው ጥያቄ ይሠራል፤ መልሱ ከሦስት ቦታ በአንዱ ይገኛል፦ ሰውነቷ ውስጥ፣ የምትጸዳዳበት ቦታ ላይ፣ ወይም የሚያስፈራት ነገር ላይ።

መነሻውን እንይ። የቤት ድመት የዘር ግንዷ የአፍሪካ የዱር ድመት ነው፣ ዛሬም በኢትዮጵያ የሚኖር እንስሳ። ውሃ በሌለበት አገር የኖረ ዘር ስለሆነ ኩላሊቱ ውሃ አጥብቆ ይይዛል። የጤነኛ ድመት ሽንት እፍጋት ብዙ ጊዜ ከውሃ 1.035 እጥፍ በላይ ነው፤ የሰው በአብዛኛው ከዚህ በታች ነው። ሽታው የከበደው አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ውርስ ደቃቅ፣ ደረቅ፣ በእግር የሚጫር አፈር መፈለግ ነው። ግልገሎች ገና በጥቂት ሳምንታቸው አፈር ሲያገኙ መጫር ይጀምራሉ። እንግዲህ መንዝ ላይ ክረምት ሲገባ ውጭው ሁሉ ጭቃ ነው። በዚያ ላይ ሌሊት ውሻ አለ፣ ጅብ አለ። ቤት ውስጥ ያለው ብቸኛ ደረቅና ደቃቅ ነገር አመድ ነው። ድመቷ በራሷ መንገድ ትክክለኛውን ምርጫ መርጣለች።

ይህ የመንዝ ብቻ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥም ድመት ያለው ሰው በሣጥን የሚያስቀምጥላት አመድ፣ አሸዋ ወይም አፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ሴት የድመቷ እግር ከሣጥኑ አመድ እያወጣ ቤቱን ሲያጠቁርባት፣ ፈሳሽ የሚመጥ ሸክላ አፈር ይሸጥ ከነበረ ኤድ ሎው ከሚባል ጎረቤቷ የሚተካ ነገር ጠየቀች። እሱ የሰጣት የሸክላ ጠጠር ነው ዛሬ በከተማ ሱፐርማርኬት በከረጢት የሚሸጠው «የድመት አሸዋ» መነሻ። አያቴና ያቺ ሴት አንድ ዓይነት ሽንት ቤት ነበራቸው ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰውነቷን

ስልክ ላይ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው፣ አሥራ አምስት ዓመቱ፣ ነገር ማየት ይወዳል። ሦስት ነገር እንዲያይልኝ ጠየቅኩት። ስትሸና የምታፈሰው ብዙ ነው ወይስ ጠብታ? ስንት ጊዜ? ስትሸና ትጮኻለች ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች ቀልድ አይደሉም። በተለይ ወንድ ድመት ካላችሁ ይህችን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡ። የወንድ ድመት የሽንት ቱቦ ጠባብ ነው፤ ደቃቅ ጠጠር ወይም እንደ አተላ ያለ ነገር ሊዘጋው ይችላል። ድመቷ መጸዳጃዋ ጋ ደጋግማ ትሄዳለች፣ ታምጣለች፣ ምንም አይወጣም ወይም ጠብታ ይወጣል፣ ብልቷን ትልሳለች፣ ትጮኻለች። ሰው ይህን አይቶ «ድርቀት ይዟታል» ይላል። ሽንቱ ካልወጣ ግን ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ልብ ይቆማል። ጊዜው የሚቆጠረው በሳምንት አይደለም፣ በሰዓት ነው፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልትሞት ትችላለች። መፍትሔው ሐኪም ቱቦ አስገብቶ መክፈት ብቻ ነው። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ አብዛኛው ሥራው በግና ከብት ቢሆንም ሂዱ፤ አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ አማራጩ ይሰፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል ላድርግ፦ «ሕመም ይቀንስላት» ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጧት። የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚሰብርበት መንገድ ደካማ ነው። አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል።

ከዚህ ቀለል ያሉም አሉ። ብዙ ውሃ የምትጠጣና ብዙ የምትሸና ያረጀች ድመት ኩላሊቷ ወይም ስኳሯ ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያዋ የሚያማት ድመት ከፍ ያለ ሣጥን መውጣት ትተዋለች። አንዳንዷ ደግሞ አንድ ጊዜ ሣጥኑ ውስጥ ስትሸና ስላመማት «ያመመኝ ይሄ ቦታ ነው» ብላ ትሸሸዋለች፤ ሕመሙ ከለቀቃት በኋላም ቦታውን እንደፈራች ትቀራለች።

ሌላ መለየት ያለባችሁ ነገር አለ። ቆማ፣ ጭራዋን ሽቅብ አንቀጥቅጣ፣ ግድግዳ ወይም በር ላይ ትንሽ የምትረጭ ከሆነ ይህ መጸዳዳት ሳይሆን ድንበር ማስመር ነው። በብዛት ያልተኮላሸ ወንድ ያደርገዋል፤ ማኮላሸት አብዛኛውን ጊዜ ያስቆመዋል። ተቀምጣ መሬት ላይ ወይም ልብስ ላይ የምታፈስ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመጸዳጃ ነው።

የእኛዋ ሴት ናት። ልጁ እንደነገረኝ ሰፋ ያለ ኩሬ ነው የምትሸናው፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ተቀምጣ፣ ሳትጮኽ። ትበላለች፣ አይጥም ትይዛለች። ሩቅ ሆኜ እርግጠኛ መሆን ባልችልም ሰውነቷ ደህና ነው ብዬ ወደ ሁለተኛው አለፍኩ።

ከዚያ ፍርሃቱን

ፍርሃትና ጭንቀት የድመትን ፊኛ በቀጥታ ይነካሉ። ጀርም የሌለበት የፊኛ ቁስለት የሚባል ሕመም አለ፣ ከጭንቀት ጋር የተያያዘ። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ቶኒ በፊንግተንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸውን 46 ድመቶች ተከታትለው ነበር። ዋናው ሕክምና የቤታቸውን ሁኔታ ማስተካከል ነበር፦ መደበቂያ፣ ከፍ ያለ መቀመጫ፣ የሚበቃ ውሃ፣ ከሌላ ድመት ጋር ፀብ መቀነስ። የሽንት ችግራቸው በግልጽ ቀነሰ። ለእኔ፣ ሁሉን ነገር በብሎንና በቱቦ ለሚያስብ ሰው፣ ይህ የሚገርም ነው።

ስለዚህ ጠየቅኩ፦ አዲስ ውሻ አለ? የለም። ሌላ ድመት? የለም። እንግዳ? ዱላ? እዚህ ላይ ልጁ ዝም አለ። ባናው ከተበላሸ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመትታለች፣ አፍንጫዋም ሽንቱ ላይ ተደፍቋል። ይህ በየቤቱ የሚደረግ ነገር ነው፣ ግን ምንም አያስተምራትም። ድመቷ የምትማረው «ሰው እያየ መሽናት አደጋ አለው» የሚለውን ብቻ ነው፤ ከዚያ ጎታ ጀርባ ተደብቃ ትሸናለች፣ እናንተም ዘግይታችሁ ነው የምታገኙት። ቢሆንም ዱላው ከችግሩ በኋላ የመጣ ስለሆነ መነሻው ሊሆን አይችልም።

ፎቶው

በአምስተኛው ቀን ልጁ የቤቱን ፎቶ ላከልኝ። ጎታው፣ መደቡ፣ የተሰጣው ባና። ጥግ ላይ ደግሞ የኔ ምድጃ።

የኔ ምድጃ! ሰኔ ላይ አያቴ ጋ ሄጄ ሦስቱን ጉልቻ አንስቼ ዙሪያውን የተዘጋ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ተክዬላቸው ነበር። ጭሱ ቀነሰ፣ ኩበቱ ቀነሰ፣ መረቁኝ። አመዱም ከውስጥ በትንሽ በር እየተዛቀ በቀጥታ ጓሮ ይሄዳል። ወለሉ ንጹሕ ነው፣ አንድ እፍኝ አመድ የለም። በሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ የውጭው አፈር ጭቃ ሆነ። ድመቷ አመዱን አልተወችውም፤ እኔ ወሰድኩባት። ሽንት ቤቷን አፍርሼ ነው የመጣሁት።

ከአመድ ቀጥሎ ቤቱ ውስጥ ለስላሳና የሚጫር ነገር ምንድን ነው? ባና እና ጭድ። ሁለቱንም መረጠች።

የማገዶ ቁጠባውን ለመለካት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ያ ምድጃ ዳር ለማን ምን እንደሚሠራ ለመጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ አላዋልኩም።

የሳፋው ሽንት ቤት

መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። የተሰነጠቀ ሳፋ ተገኘ። ጠርዙ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፣ ስፋቱ ደግሞ ድመቷ ገብታ እንድትዞር የሚበቃ። አራት ጣት ያህል ደረቅ አፈር፣ ላዩ ላይ ለምልክት ያህል የቀዘቀዘ አመድ። ፍም ያለበት አመድ አንድ ጊዜ መዳፏን ካቃጠላት ዕድሜ ልኳን ስለማትረሳው ቢያንስ አንድ ቀን ያደረ ይሁን።

ለምን አመድ ብቻ አላደረግንም? አንደኛ ይበናል። ሁለተኛ፣ ኬሚስትሪው አስቸጋሪ ነው። ትኩስ አመድ ፒኤቹ ከ10 በላይ ነው፤ በዚህ ደረጃ ዩሪያን ወደ አሞኒያ የሚሰብረው ኢንዛይም ይዳከማል፣ ሽታው ይዘገያል። በዚህ መርሕ ስዊድን ውስጥ ተመራማሪዎች የሰው ሽንት በአመድ አድርቀው ማዳበሪያ ለመሥራት ሞክረዋል። ችግሩ አመዱ አየር ላይ ሲቆይና ደጋግሞ ሲርስ ኃይሉ ይወርዳል፣ ኢንዛይሙ ይነሣል፣ የተፈጠረው አሞኒያ ደግሞ ፒኤቹ ገና 9 አካባቢ ስለሆነ ፈሳሹ ውስጥ አይቆይም፣ ጋዝ ሆኖ አፍንጫ ላይ ይወጣል። አያቴ አመዱን በየቀኑ ይጠርጉ ስለነበር ይህን አላዩትም።

በዚሁ ምክንያት የቆየ ሽንት ያለበት ባና ላይ አመድ አትነስንሱ፤ ሽታው ይብሳል። እዚያ የሚያስፈልገው ተቃራኒው፣ አሲድ ነው። መጀመሪያ በጨርቅ መጥጡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቡ፣ ከዚያ አቸቶ በውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበትና ፀሐይ ላይ አስጡ። ሽታውን ካልለቀቀ ድመቷ ተመልሳ ትመጣበታለች፤ የእኛ አፍንጫ «ጠፍቷል» ሲል የእሷ «እዚህ ነው» ይላታል። በረኪና ደግሞ በፍጹም! በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጠራል። መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ይህ ቀላል አደጋ አይደለም።

ሳፋው የተቀመጠው አመዱ በፊት ይጠራቀምበት በነበረው ጥግ ነው፣ ለእኛ በሚመች ቦታ አይደለም። ከምግቧም ራቅ እንዲል አደረግን፣ ድመት በምትበላበት አትጸዳዳምና። ባናው ተሰቀለ፣ ጭዱ በቆርቆሮ ተከለለ። በሁለተኛው ሌሊት ሳፋው ውስጥ ተጫረ። ልጁ ፎቶ ላከልኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያስደሰተኝ የአፈር ፎቶ የለም። ከሳምንት በኋላ ሳፋውን በየሁለት ቀኑ አንድ እርምጃ እያራቅን ወደ በሩ አስጠጋነው። አንድ ቀን ልጁ ቸኩሎ አራት እርምጃ ወሰደው፣ ድመቷም ወደ ጭዱ ተመለሰች። መልሰን ጀመርን።

በክረምት ደረቅ አፈር ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ምድጃው ካሰ። እንጀራ ከተጋገረ በኋላ የተዘጋው ምድጃ ለረጅም ሰዓት ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ እኔ በጥናቴ «ብክነት» ብዬ የምመዘግበው። በቆርቆሮ ላይ የተሰጣ እርጥብ አፈር እዚያ ሲያድር ይደርቃል። አያቴ የሰጡት ማስጠንቀቂያ አንድ ብቻ ነው፦ «ምጣዴን እንዳትነኩ።»

ስለ ጽንሱ

አጎቴ የሰሙት ወሬ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን ተውሳክ ነው። በመካከለኛው ኢትዮጵያ በበጎችና በፍየሎች ላይ የተደረጉ የደም ምርመራዎች ተውሳኩ የተስፋፋ መሆኑን አሳይተዋል። በግ ላይ ማስወረድ ያስከትላል፤ ሴት በእርግዝና ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። እንቁላሉ የሚወጣው በድመት ዓይነ ምድር ነው፣ በሽንት አይደለም። ስለዚህ ባናው የሽታ ጉዳይ ነበር፤ ጭዱ ነው የሚያሳስበው፣ በጎቹ ይበሉታልና።

ቁጥሮቹ ግን ያረጋጋሉ። አንድ ድመት እንቁላሉን የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች በኋላ ለአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ስድስት ዓመት አይጥ ስትበላ የኖረች ድመት ያንን ጊዜ አልፋው ሊሆን ይችላል። የወጣውም እንቁላል ወዲያው አያስይዝም፣ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ ከተዛቀ አብዛኛው አደጋ ይወገዳል። ሳይዛቅ እርጥብና ቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ከቀረ ግን ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ መንዝ ደግሞ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ ከሳፋው የሚዛቀው ከጎመን መደብና ከጭድ ርቆ ጠለቅ ባለ ጉድጓድ ይቀበራል። የሚዝቀው ልጁ ነው፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ የአጎቴ ባለቤት ሳፋውን አይነኩም። የተበላሸው ጭድ ተቃጠለ። ሰዎች የሚረሱት ሌላ መንገድም አለ፦ ጥሬ ሥጋ። ድመት አባርሮ ቁርጥ የሚበላ ቤተሰብ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፍቷል ማለት ነው። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ሳቁ፤ ባለቤታቸው ግን እስኪወልዱ ድረስ ጥሬ ሥጋ አልቀመሱም።

ልጅቱ በኅዳር ተወለደች፣ ደህና ናት። ድመቷ ከመስከረም ጀምሮ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ ቀን ቀን ውጭ ትወጣለች፤ ሌሊት ውርጭ ሲሆን ሳፋውን ትጠቀማለች። አሁንም በሩ ቆርቆሮው ሳይመለስ ከተረሳ አልፎ አልፎ ጭዱን ትሞክረዋለች። ለዘንድሮ ክረምት ሁለት ጆንያ ደረቅ አፈር በግንቦት ተሞልቶ ጎታው ጎን ተቀምጧል። አንደኛው ጆንያ አጎቴ ያኔ ያዘጋጁት ነው።